ጥርስ ከመተከሉ በፊት ስለሚሰጥ የፍርሀት ማብረጃ

ሰው የጥርስ ሐኪም መሣሪያ ባየ ጊዜ ልቡ ቢርድ ፈሪ ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም፤ በጦር ሜዳ ያልደነገጠ ጀግና እንኳ በዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ በላብ ይጠመቃል። ይልቁንም በወለቀው ጥርስ ፈንታ ከቲታኒየም የተሠራ ሥር በመንጋጋ ሲተከል አጥንት የሚበሳ ስለሆነ ፍርሀቱ ይበረታል። ይህን ጥበብ ስዊድናዊው ሐኪም ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ዓመት በጎተንበርግ ከተማ በሰው ላይ ከጀመረው ወዲህ በዓለም ተስፋፍቷል።

ለፍርሀቱም መድኀኒት አለው። ዲያዜፓም ወይም ትሪያዞላም የሚባለው ኪኒን ከሥራው አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ይዋጣል፤ ሚዳዞላም በደም ሥር ይሰጣል። እነዚህም ልብን ያረጋጋሉ እንጂ ሕመምን አያስቀሩምና ድድን የሚያደነዝዘው መርፌ ከዚያ ጋራ ያስፈልጋል።

ነገር ግን መድኀኒቱ የምክር ምትክ ሊሆን አይገባውም እንላለን። ሐኪሙ የሚያደርገውን ገልጦ ሳይነግር፥ ፈቃድንም ሳይቀበል ኪኒኑን ቢሰጥ፥ ከዚያ በኋላ የሚገኘው እሺታ አእምሮው የደከመ ሰው እሺታ ነው፤ መድኀኒቱ የተነገረውን ያስረሳልና። ስለዚህ ምክሩም ፊርማውም በሽተኛው በሙሉ ልቡናው ሳለ፥ ቢቻልም በሌላ ቀን ይፈጸም። ወረፋው ብዙ ስለሆነ ለማስረዳት ጊዜ የለም የሚል ይኖር ይሆናል፤ ዳሩ ግን በሚገባ የተነገረው ሰው ፍርሀቱ ይቀልለታል፥ አንዳንዱም ኪኒኑን ሳይሻ ይቀመጣል።

በሽተኛውም ድርሻ አለው። በሽታውን የሸሸገ መድኀኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፥ መጠጥ የሚጠጣ፥ የእንቅልፍ ወይም ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ፥ ተኝቶም ሳለ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ ይህን የሸሸገ ሰው ትንፋሹ ሊደክም፥ ሊቆምም ይችላልና። ነፍሰ ጡርም ሁኔታዋን ትንገር። ኪኒኑን ከጎረቤት ተውሶ መዋጥ ፈጽሞ አይገባም። በዚያም ቀን መኪና አይንዳ፥ ውል አይፈርም፤ ወደ ቤቱ የሚያደርሰው ዘመድም ይኑር።

ሕክምናን የሚቈጣጠሩ ሹማምንትም በደም ሥር ማረጋጊያ በሚሰጥበት ቤት ሁሉ ኦክሲጅን፥ ትንፋሽን የሚጠብቅ የሠለጠነ ሰው፥ የመድኀኒቱም ማርከሻ ፍሉማዜኒል መኖሩን፥ ከሁሉም በፊት ፈቃድ የተጠየቀበትን ሰዓት በመዝገብ መጻፉን ይመርምሩ። ፍርሀቱን ሊያበርድለት ወደ ሐኪም የመጣ ሰው ፈቃዱን ሊነጠቅ አይገባውም።