ካርታው ሳይጸድቅ ጠይቁን

ምኒልክ አደባባይ የቆመ ሰው ዓይኑ ጊዮርጊስ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱን፣ ቀጥሎም በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የአድዋ ድል መታሰቢያ ያያል። ወንዙን ግን አያየውም። አራዳ በወንዞች መካከል የተቆረቆረች ሆና ሳለ ወንዟ ከአደባባዩ አይታይም፤ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ መውረድን ይጠይቃል። ለዚህም ይመስለኛል ስለ ፒያሳ ሲወራ ስለ ሕንፃው፣ ስለ ወርቅ ቤቱና ስለ ሲኒማው ብዙ ተብሎ፣ ስለ ወንዙ ዳር መሬት ግን ትንሽ የሚባለው። ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት ስለዚህ መሬት ነው። የመንግሥትና የሕዝብ መሬት ነው፤ ነገ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄም ገና አልተዘጋም።

ነገሩ ከሥሩ ይጀምር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ለመሳፍንቱና ለመኳንንቱ የተመራው ቦታ ኮረብታ ኮረብታው ነበር። የራስ መኮንን ሰፈር፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ የደጃዝማች ውቤ ሰፈር እየተባለ እያንዳንዱ ባለ ማዕረግ ከነአሽከሩና ከነወታደሩ ከፍታውን ይዞ ሰፈረ። በሰፈርና በሰፈር መካከል የቀረው ገደላ ገደሉ፣ የወንዙ ግራና ቀኝ ነው። ያ መሬት በመጀመሪያ የማንም አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ድንበር ነበር። ከተማዋ እየሰፋች ከየጠቅላይ ግዛቱ ሰው ሲጎርፍ ግን ሌላ ቦታ ያጣው ድሃ እዚያ ገደል ላይ ጭቃ ቤቱን ሠራ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የወንዙ ዳር ጎጆም በአብዛኛው የቀበሌ ቤት ሆነ። ባለቤቱ መንግሥት ሆነ ማለት ነው። ባለቤት ግን ንብረቱን ያድሳል፣ ይጠብቃል። በእነዚያ አሥርት ዓመታት ወንዙ ዳር የታደሰ ነገር አላየንም፤ የሽንት ቤቱም፣ የቆሻሻውም፣ የጋራዡ ዘይትም መውረጃ ሆኖ ኖረ።

ስለዚህ የወንዝ ዳር ልማት የሚባለውን ነገር የሚቃወም ሰው አይደለሁም። ከራስ መኮንን ድልድይ ላይ በበጋ ጎንበስ ብሎ ያየ ያውቀዋል፦ በድንጋዮቹ መካከል እንደ እጣቢ የጠቆረ ቀጭን ውኃ፣ ጥግ ጥጉን የተከማቸ ሃይላንድ፣ ሥር ላይ የተጠመጠመ የፌስታል ቡትቶ፣ ከግንቡ ወጥቶ ወደ ወንዙ አፉን የከፈተ ቱቦ፣ ከሥሩም ነጭ አረፋ። በክረምት ደግሞ ያው ቀጭን ውኃ ደፍርሶና ጮሆ ግንቡን እየገፋ ይመጣል። በዚያ ዳር ልጅ ማሳደግ፣ ሐምሌና ነሐሴን እንቅልፍ አጥቶ ማሳለፍ ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቃል። የድሮ ፒያሳን ናፍቆት ይዤ ያ ኑሮ ይቀጥል አልልም።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲታወጅ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ሃምሳ ስድስት ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንደሚለማ፣ ወጪውም 29 ቢሊዮን ብር እንደሆነ ተነገረን። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት የፒያሳው ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ። ሰዉ በከተማዋ ዳርቻ ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበተነ። በ2017 ዓ.ም. የከተማ አስተዳደሩ የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ ቁጥር 180ን አወጣ፤ ወንዝ የሚበክል ይቀጣል ተባለ። ይህን ደንብ እደግፈዋለሁ፤ ዘግይቷል እንጂ።

እንግዲህ ጥያቄዬ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። መሬቱ ጸድቷል፣ ሕጉ ወጥቷል፣ ገንዘቡ ተገኝቷል። ምን ይሠራበት የሚለውን የወሰነው ማን ነው? ነገስ ማን ይወስናል?

ሕገ መንግሥታችን በዚህ ረገድ አያሻማም። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢን ደኅንነት የሚመለከት ፕሮግራም በሚነደፍበትም በሥራ ላይ በሚውልበትም ጊዜ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። በሚነደፍበት ጊዜ ነው የሚለው፤ ንድፉ ካለቀ በኋላ አይደለም። የከተማ ፕላን አዋጁም፣ ቁጥር 574/2000፣ ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲሳተፍ ይጠይቃል። ሕግ አላነሰንም።

ያነሰን ልማዱ ነው። የሕዝብ ውይይት የሚባለውን የምናውቀው እንዲህ ነው፦ ከወረዳ መልእክት ይመጣል፣ አዳራሽ እንሰበሰባለን፣ ያለቀ የሕንፃና የመናፈሻ ሥዕል በፕሮጀክተር ይታያል፣ ማብራሪያ ይሰጣል፣ ሦስት አራት ሰው እጁን አውጥቶ አስተያየት ይሰጣል፣ አመስግነን እንበተናለን። ይህ ግንዛቤ ማስጨበጫ ነው፤ ምክክር አይደለም። ምክክር ማለት ሥዕሉ ገና በእርሳስ እያለ፣ ሊጠፋና ሊታረም በሚችልበት ሰዓት መጠየቅ ነው። ሰው የተናገረው ምን ተቀየረበት ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ከሌለ፣ ያ ሰው ሁለተኛ አይመጣም።

ይህች ከተማ ደግሞ ሳትጠየቅ የታቀደችበት ታሪኳ ረጅም ነው። የአራዳን ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ የወሰደው ጣሊያን ነው፤ ምኒልክ አደባባይ ላይ በ1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል ዋዜማ የተተከለውን የዐፄ ምኒልክን ሐውልት አውርዶ የቀበረውም እሱ ነው። ሐውልቱ ከነጻነት በኋላ ቦታው ተመለሰ፤ ገበያው አልተመለሰም። ማስተር ፕላን የነደፉልንንም ብንቆጥር ጣሊያኖቹ ጊዲና ቫሌ፣ እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ፣ ፈረንሳዊው ደ ማሪየን፣ ሀንጋሪያዊው ፖሎኒ ናቸው። አዋቂዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ከልባቸው ደክመዋል። የኋላ ኋላ የራሳችን ባለሙያዎች ተተኩ። ሠላሳ በመቶ አረንጓዴ፣ ሠላሳ በመቶ መንገድ፣ አርባ በመቶ ግንባታ የሚለው የአሁኑ መዋቅራዊ ፕላን መርሕ የእነሱ ነው፣ መልካም መርሕም ነው። ነገር ግን ሠላሳው በመቶ አረንጓዴ የትኛው ቦታ ላይ ይረፍ፣ ማን ይግባበት፣ በስንት ብር ይግባበት የሚለውን መቶኛ አይመልሰውም።

የወንዙን ዳር የኖረበት ሰው የሚያውቀውን መሐንዲሱ በመሣሪያው አያገኘውም። ክረምት ሲበረታ ውኃው እስከየትኛው ደረጃ እንደሚወጣ፣ በየትኛው ዓመት እስከ ማን በር እንደደረሰ፣ የትኛው ጥግ ላይ ምንጭ እንዳለ፣ ተማሪዎች ወደ ላይኛው አስፋልት ለመውጣት የትኛዋን ጠባብ መንገድ እንደሚያቋርጡ፣ አሮጊቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የት ድንጋይ ላይ ትንፋሽ እንደሚሰበስቡ፣ የልቅሶ ድንኳን የሚተከልባት ደልዳላ ቦታ የትኛዋ እንደነበረች። ይህ ሁሉ ለመናፈሻ ንድፍ መረጃ ነው። አግዳሚ ወንበር የት ይቀመጥ፣ ደረጃ የት ይውጣ፣ የጎርፍ ማለፊያው ምን ያህል ይስፋ የሚለውን የሚመልሰው እሱ ነው።

ይህን እውቀት የያዘ ተቋምም አለን፤ እድር። ሰፈር ሲፈርስ እድር አብሮ ወዲያው አይፈርስም። መዝገቡ ላይ የማን ቤት የት እንደነበረ አለ፣ የአባላቱ ስልክ አለ፣ ዳኛውና ጸሐፊው አሉ። ከፒያሳ ርቆ የሄደው ሰው ሌላ ቦታ ስለሰፈረ ብቻ ስለ ወንዙ ዳር አይመለከተውም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ቦታውን ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የለቀቀው እኮ እሱ ነው። የሕዝብ ጥቅም የተባለው ምን እንደሆነ ከሁሉ በፊት የመስማትና የመናገር መብት ያለው እሱ ነው።

ሕዝብ ባልተጠየቀባቸው ከተሞች የሆነውን ማየት ይቻላል። ቢሾፍቱ ሐይቆቿን ስንት ሪዞርት እንደከበባቸው ያየ ሰው ያስተውል፤ ኩሪፍቱንና ባቦጋያን የከተማው ልጅ የሚቀርባቸው በአብዛኛው ባለሆቴሉን አልፎ፣ ለስላሳ ገዝቶ ነው። የሆራ አርሰዲ ዳርቻ ለብዙኃኑ ክፍት ሆኖ የቆየው የኢሬቻ በዓል ስለሚከበርበት፣ ሕዝብ የኔ ነው ብሎ ስለሚመጣበት ነው። ባሕር ዳርም ጣና ዳር የተሠሩት ሆቴሎች ውበት ቢጨምሩም፣ ነዋሪው ሐይቁን በነጻ የሚያይባቸውን ቦታዎች አጥብበዋል። በአንጻሩ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ላይ ወጣቱም አዛውንቱም ያለ ትኬት ነፋስ ይቀበላል፤ አሞራ ገደል ላይም ዓሣ ይበላል። ሐዋሳን ያስወደዳት ግማሹ ይኸው ነው።

ናይሮቢም ትምህርት ትሆነናለች። እ.ኤ.አ. በ1989 የኬንያ መንግሥት ኡሁሩ ፓርክ ላይ ስልሳ ፎቅ ሕንፃ ሊያቆም ሲነሳ ዋንጋሪ ማታይ ለየባለሥልጣኑና ለየኤምባሲው ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። ተሰደበች፣ ከቢሮዋ ተባረረች፤ አልተወችም። በመጨረሻ ገንዘብ ሊያበድሩ የነበሩት የውጭ ሰዎች አፈገፈጉና ፓርኩ ተረፈ። የናይሮቢ ድሃም እሑድ እሑድ ሣሩ ላይ ሲቀመጥ ኖሯል። ሶል ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 የቾንግየቾንን ወንዝ ከአውራ ጎዳና ሥር አውጥታ 5.8 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ አደረገችው፤ ዓለም አደነቀ። እዚያም ግን የተቋቋመው የዜጎች ኮሚቴ አባላት ሐሳባችን አልተሰማም ብለው ለቀቁ፤ ውኃውም እስከ ዛሬ በፓምፕ ተገፍቶ የሚመጣ ነው። በፍጥነት የተሠራ ውበት ዋጋውን የሚያስከፍለው ቆይቶ ነው።

መመካከር ሥራ ያጓትታል የሚሉ አሉ። ያጓትታል፣ እውነት ነው። የሁለት ወር ምክክር ግን ለሃምሳ ዓመት መናፈሻ ምንም ማለት አይደለም። ነዋሪው ያልተናገረበት መናፈሻ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል፣ አጥር ይፈልጋል፤ ነዋሪው የኔ ያለው ግን ራሱ ይጠብቀዋል። አበባው ሲነቀል የሚቆጣው የጎረቤት አባት ከዘበኛ ይበልጣል።

እኔን ቢጠይቁኝ የምለውን እዚሁ ልበል። ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ወደ አፍንጮ በር፣ ቁልቁልም ወደ እሪ በከንቱ ያለው የወንዝ ዳር ለሊዝ ጨረታ አይቅረብ። መግቢያው ያለ ክፍያ ይሁን፤ ጥገናውን ማዘጋጃ ቤት ከሚሰበስበው ግብር ይሸፍን። ከአበባው በፊት የፍሳሽ መስመሩ ይቅደም፤ ከላይ ከመንደሩ የሽንት ቤት ፍሳሽ እየወረደ ከታች እምነበረድ ቢነጠፍ ዋጋ የለውም። ንጹሕ የሕዝብ መጸዳጃ ይኑር፤ ፒያሳ ውስጥ ሴት ልጅ ይህን አጥታ ስትቸገር አይተናል። ጥላ የሚሆን ዛፍ ሲተከል የአገራችን ይሁን፤ ኮሶ፣ ጽድ፣ ዋንዛ፣ ወይራ። ጀበና ቡና የምትሸጠውም፣ ሊስትሮውም ቦታ ይሰጣቸው፤ እነሱን አስወጥቶ የሚቀረው ፒያሳ አይደለም። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው። ከእኔ የተለየ የሚያስብ ብዙ ሰው ይኖራል፤ ነገሩ በአደባባይ እንዲነገር የምፈልገውም ለዚህ ነው።

የከተማዋን ፕላንና ልማት ቢሮ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የወንዝ ዳሩን ረቂቅ ካርታ ለተራ ሰው በሚገባ አማርኛና ሥዕል አዘጋጅቶ በየወረዳው ግድግዳ ይለጥፍ፤ ለአንድ ወር ይቆይ። የአራዳ እድሮችን፣ በኮንዶሚኒየም ያሉትን የቀድሞ ነዋሪዎች ጭምር፣ በስልክ ጠርቶ ወንዙን ዳር ዳሩን ከመሐንዲሶቹ ጋር በእግር ያስኪድ። የተቀበለውንና ያልተቀበለውን ሐሳብ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያሳውቅ። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ከአንድ የምረቃ በዓል ወጪ አይበልጥም።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ አራዳ ተወልዳችሁ ሩቅ የሄዳችሁም፣ ዛሬ እዚያ የምትነግዱም፣ በዚህ ሳምንት ወረዳችሁ ሄዳችሁ የወንዝ ዳሩ ዕቅድ የት እንደደረሰ ጠይቁ። ጥያቄውን በጽሑፍ አስገቡ፣ ቀኑና ማኅተሙ ያለበትን ቅጂ ያዙ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 43 ጠቅሳችሁ ጻፉ። መጠየቅ ያለብን አሁን፣ ካርታው ገና ሳይጸድቅ ነው።