ከመንገድ መመለስ ፍርሀት ነውን?

በአውሮጳ፥ በክረምት፥ በሞተር ቢስክሌት ከአገር ወደ አገር የሚዞሩ ሰዎች አሉ። ክረምት ስል የኛን የሐምሌን ዝናምና ጭቃ ማለቴ አይደለም። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን የሚቆምበትን፥ የኩሬው ውሃ እንደ ድንጋይ የሚጠነክርበትን፥ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ወራት ማለቴ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ በሰሜን ጀርመን በሐምቡርግ ከተማ ፀሐይ የምትወጣው ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲያልፍ ነው፤ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ደግሞ ትጠልቃለች። ይህን የመሰለውን ጊዜ መርጦ፥ ጣራም ግድግዳም በሌለው ነገር ላይ ተቀምጦ አገር መዞር ምን ይባላል? ብዙ ሰው «እብደት ነው» ብሎ ይገላገላል። እኔ ግን እንደዚያ አልልም። ጠቤም ከተጓዦቹ ጋራ አይደለም። ጠቤ በነሱ መካከል ከሚኖር፥ በኛም ዘንድ ሞልቶ ከተረፈ አንድ ክፉ አስተሳሰብ ጋራ ነው። እሱም «ጀግና ከጀመረው መንገድ አይመለስም» የሚለው ነው።

አስቀድሜ ለተጓዦቹ ጥብቅና ልቁም። ይህ ልማድ የጠገቡ ሰዎች ቅብጠት ሆኖ የተጀመረ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮጳ መኪና ለመግዛት ያልቻለ ሠራተኛ ሞተር ቢስክሌቱን ክረምት ከበጋ ይነዳ ነበር፤ ሚስቱንና ልጁን በጎኑ በተገጠመው ጋሪ አስቀምጦ በበረዶ ላይ የሚሄድ አባት ብዙ ነበረ። በ1956 ዓ.ም. (ዘመኑን የምጽፈው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው) ኤርንስት ሌቨርኩስ የተባለ ጀርመናዊ የሞተር ቢስክሌት ጸሐፊ፥ በሽቱትጋርት አጠገብ ዞሊቱድ በሚባለው ስፍራ፥ ‹ጹንዳፕ› የተባለውን ሞተር የሚነዱትን ሰዎች በክረምት ሰበሰበ። ሞተሩ ስድስት መቶ ሲሲ ያህል የሆነ፥ ጋሪ ጎትቶ የማይደክም ጉልበተኛ ስለ ነበረ ‹አረንጓዴው ዝሆን› ይሉት ነበር። የመጡት ሃያ ያህል ሰዎች ብቻ ነበሩ። ያ ስብሰባ ስሙን ከዝሆኑ ወርሶ አደገ፤ በ1961 ወደ ኑርቡርግሪንግ ተዛወረ፤ ከ1989 ጀምሮ ደግሞ በባየርን ጫካ ዞላ በምትባል መንደር ይደረጋል። በሺህ የሚቈጠር ሰው ከልዩ ልዩ አገር ይመጣና በበረዶው ላይ ገለባ አንጥፎ፥ ድንኳን ተክሎ፥ እሳት አንድዶ ያድራል። በዌልስም እንዲሁ ‹የዘንዶው ስብሰባ› የሚባል ከ1962 ጀምሮ አለ። በማያውቁት ሰው እሳት ዳር ተቀምጦ ሾርባ መካፈል እብደት ከሆነ፥ እንዲህ ያለ እብደት ለብዙ ጤነኞች ቢተርፍ ደስ ባለኝ።

እንግዲህ ወደ ጠቤ ልመለስ። ብርድ በሰው ላይ የሚሠራውን ሥራ የማያውቅ ሰው መመለስን ቢንቅ አይፈረድበትም። ውሃ በሚረጋበት በዜሮ ዲግሪ፥ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ነፋሱ ባልተሸፈነ ገላው ላይ ከዜሮ በታች ዐሥር ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማዋል። አስቀድመው የሚደነዝዙት ጣቶቹ ናቸው፤ ፍሬንና ፍሪሲዮን ደግሞ የሚያዙት በጣት ነው። ከዚያ ብርዱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ አእምሮን ይይዛል። በጣም የበረደው ሰው መንቀጥቀጡን ሲያቆም የተሻለው ይመስለዋል፤ የባሰበት ግን ያን ጊዜ ነው። ፍርድ ማጣቱን የሚፈርድበት ፍርድ አይቀረውም። ስለዚህ ‹ሲብስብኝ እመለሳለሁ› የሚል ሰው የሚጠብቀው ከማይመጣ ዳኛ ነው።

መንገዱም ከዚህ የከፋ ተንኰል አለው። ነጩ በረዶ ጨዋ ነው፤ አለሁ ብሎ ይታያል። የሚያስፈራው እንደ መስታወት ስስ ሆኖ አስፋልቱን መስሎ የሚተኛው ነው። ይልቁንም ድልድይ ከሥሩ ቀዝቃዛ ነፋስ ስለሚያልፍበት ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። ደረቅ መንገድ ሲነዳ የቈየ ሰው ሳያስበው እዚያ ላይ ይደርሳል። መኪና በአራት እግሩ ተንሸራትቶ ሊቆም ይችላል፤ ባለ ሁለት እግሩ ግን ይወድቃል። የቀድሞዎቹ ሰዎች ጋሪውን በጎኑ የሚገጥሙት ሚስት ለማስቀመጥ ብቻ አልነበረም።

ለመሆኑ በረዶን ከስዊሶች ይበልጥ የሚያውቅ ማን ነው? ተራራውን የሚኖሩበት ናቸው። ነገር ግን 2429 ሜትር ከፍታ ያለው የፉርካ በር በክረምት ሲዘጋ፥ መኪናውም ሞተር ቢስክሌቱም በባቡር ላይ ተጭኖ ከ1982 ጀምሮ በሚሠራው ዋሻ ከተራራው በታች ያልፋል። የተራራ ልጅ ሞተሩን በባቡር ሲያስጭን አያፍርም። የሚያፍረው ከሜዳ የመጣው እንግዳ ነው። በአየርላንድ የተወለደው ሻክልተን በ1909 ወደ ደቡብ ዋልታ ሲሄድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፥ ስንቁ ለመመለሻ እንደማይበቃ አይቶ ፊቱን አዞረና ሦስቱን ባልንጀሮቹን በሕይወት አገባቸው። ይህን ሰው ፈሪ ብሎ የሚጠራ አፍ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

እኔ ራሴም ከዚህ በሽታ ንጹሕ አልነበርሁም። በተማሪነቴ ዘመን ሦስት ሆነን ከሙኒክ ተነሥተን፥ በኢንስብሩክ በኩል የብሬነርን በር ተሻግረን ኢጣልያ ለመግባት ወጣን። ብሬነር ከፍታው 1370 ሜትር ያህል ነው፤ በክረምትም አይዘጋም። መንገዱ ክፍት ከሆነ እኛን ምን ይይዘናል አልን። ከሦስታችን ታላቁ ጡረታ የወጡ የጀርመን መካኒክ ነበሩ። ከአንድ የቤንዚን ማደያ ስንደርስ ጓንታቸውን አውልቀው መዳፋቸውን አስፋልቱ ላይ አሳረፉና «ልጆች፥ እኔ ከዚህ እመለሳለሁ። እናንተም ብትመለሱ ይሻላል» አሉን። እኛ ሳቅን። እኔማ «ፈሪ ለናቱ» የሚለውን ያገሬን አነጋገር በጀርመንኛ ተርጕሜ ጓደኛዬን ይበልጥ አሳቅሁት። ሽማግሌው ግን ሳይቈጡ ሞተራቸውን አዙረው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሄድንም። ጥድ ያጠላበት ትንሽ ድልድይ ላይ ሞተሩ ከሥሬ ሸሸና ወደቅሁ። እኔ በአንጓዬ ስብራት ብቻ ተረፍሁ። ከኋላዬ ግን አንዲት ትንሽ መኪና ትመጣ ነበር። ነጂዋ እኔን ላለመግደል መሪዋን ስትጠመዝዝ መኪናዋ ዞረችና አፍንጫዋ የድልድዩን ብረት ገጭታ ቆመች። ከብረቱ ማዶ ገደል ነው። አንዲት ሴት እየተንቀጠቀጠች ወረደች፤ ከኋላ ወንበር ሕፃን ልጅ ይጮኻል። ሴትዮዋ ወደኔ ሮጣ መጥታ የጠየቀችኝ አጥንቴ መትረፉን ነው። ብትሰድበኝ በወደድሁ።

አሁን ይህን ስሙኝ። ያን ቀን ለብዙ ዓመት ለብዙ ሰው ነግሬአለሁ። እንዴት እንደ ወደቅሁ፥ እንዴት ብድግ እንዳልሁ፥ እንዴት ያለ ብርድ እንደ ነበረ እያጣፈጥሁ ነገርሁ። በዚያ ሁሉ ወሬዬ ውስጥ መኪናዋ አልነበረችም፤ ሕፃኑም አልነበረም። ዛሬ የራስ ቁራቸው ላይ ካሜራ ተክለው የክረምት ጕዞአቸውን የሚያሳዩንን ሰዎች ስመለከት፥ ካሜራው ወደ ፊት ብቻ የሚያይ መሆኑ ትዝ ይለኛል።

«በራሴ ነፍስ ብወራረድ ለማንም ምን አገባው?» የሚል ጐበዝ አይጠፋም። መንገዱ ያንተ ብቻ ቢሆን ኖሮ እውነት ነበር። ነገር ግን ከኋላህ የሚመጣ አለ፤ ስትወድቅ በዚያው በረዶ ላይ አምቡላንስ የሚነዳም የሰው ልጅ ነው። ሌላው ደግሞ «ሁሉ ሰው ከተመለሰ ተራራውን ማን ይሻገራል?» ይለኛል። የሚሻገረው ያው የሚመለሰው ነው! በዞላ እሳት ዳር ፀጕራቸው የሸበተ፥ አርባ ክረምት የነዱ ሰዎች ይገኛሉ። እነዚህ ለጕዞአቸው ትርፍ ቀን ይይዛሉ፤ በየመካከሉ ማደሪያ ያስባሉ፤ ሳይመሽ ይቆማሉ። ቀጠሮ ያጣደፈው፥ «እደርሳለሁ» ብሎ በሰው ፊት የፎከረው ግን ከበረዶው ጋራ ሳይሆን ከገዛ አፉ ጋራ ይታገላል። ስለዚህ ወጣቶች፥ መንገድ ስትወጡ «በዚህ ቀን እገባለሁ» ብላችሁ ለማንም አትማሉ።

ያን ዕለት ማታ፥ አንጓዬን ጠቅልለው ከሰደዱኝ ሐኪም ቤት በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፥ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና መጥቶ ቆመ። ጓደኛዬ ስልክ ደውሎ ኖሮ፥ የመጡት እኒያ ሽማግሌ ናቸው። ከዚያው ከማደያው ተመልሰው፥ እቤታቸው ገብተው፥ ሞቋቸው ተቀምጠው ነበርና ሊመጡልን ቻሉ። የተጣመመውን ሞተሬን ከጓደኛዬ ጋራ አንሥተው ጫኑ፤ በገመድም አሰሩት። ስለ ጧቱ ሳቃችን አንዲት ቃል አልተናገሩም። መኪናው ውስጥ ከጎናቸው ስቀመጥ ብቻ፥ «እስቲ ጣቶችህን አንቀሳቅስልኝ» አሉና አንድ በአንድ ቈጠሩልኝ።