ኦንላይን ኤምቢኤ፦ ከመክፈል በፊት ማን ይጠየቅ?

የትምህርት ማስታወቂያ የማይለጠፍበት የቴሌግራም ግሩፕ ማግኘት ከባድ ሆኗል። "ከሥራዎ ሳይለዩ፣ ከቤትዎ ሳይወጡ፣ በአጭር ጊዜ ማስተርስዎን ይያዙ" ይላል። ከጎኑ የጋውንና የቆብ ፎቶ፣ የአንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ዓርማ፣ "ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው" የሚል ማኅተም፣ ከሥሩ ደግሞ ስልክ ቁጥር አለ። የባንክ ሠራተኛው፣ የኤንጂኦ ሒሳብ ሹሟ፣ ሱቋን ለማሳደግ የምትታትረው እናት ይህን ሲያዩ ልባቸው ቢነሳ አይፈረድባቸውም። ቀኑን ሥራ፣ ማታውን ቤተሰብ ለያዘው ሰው ኦንላይን ብቸኛው በር ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ትምህርቱ ኦንላይን መሆኑ አይደለም። ችግሩ አመልካቹ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ስንት ነው? ስንት ወር ይፈጃል? የመግቢያ ፈተና አለው? ሦስቱም ሻጩ ሊመልሳቸው የሚወዳቸው ጥያቄዎች ናቸው። መቅደም ያለበት ሌላ ነው፦ ይህን ዲግሪ ነገ ማን ይቀበለዋል? ይህ ጥያቄ ደግሞ ለሻጩ አይቀርብም። የሚቀርበው ዲግሪውን ለሚቀበለው ነው።

አሁንም "የርቀት ዲግሪ ዲግሪ አይደለም" የሚል አለ። ትክክል አይደለም። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲመሠረት ዓላማው በርቀት ማስተማር ነበር። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ኤምቢኤያቸውን እ.ኤ.አ. በ1995 ያገኙት አገር እየመሩ፣ ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳም አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቶ ኢትዮጵያውያንን በርቀት ሲያስተምር ዓመታት አስቆጥሯል። አሜሪካ ውስጥ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ኦንላይን ኤምቢኤ ጀምሮ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ግቢ ውስጥ የሚሰጠውን መደበኛ ኤምቢኤ ሊያቆም መሆኑን አስታወቀ። ትልቅ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ፊቱን ወደ ኦንላይን ካዞረ፣ "ኦንላይን ስለሆነ አይረባም" የሚለው ክርክር አብቅቶለታል።

እነዚህን ተቋማት ከአጭበርባሪው የሚለያቸው የድረ ገጻቸው ውበት አይደለም። ከበላያቸው የሚመረምራቸው አካል አለ፣ ያ አካልም በአገሩ መንግሥት ዘንድ ይታወቃል።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳየው የአክዛክት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ኒውዮርክ ታይምስ እንዳጋለጠው፣ መቀመጫውን ካራቺ ያደረገው ይህ የፓኪስታን ኩባንያ በመቶዎች በሚቆጠሩ ድረ ገጾች የሌሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ዲግሪ ይቸበችብ ነበር። የአሜሪካ ስም የተሰጣቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ ፕሮፌሰር መስለው የሚናገሩ ተዋንያን፣ ስልክ አንስተው የሚያግባቡ ሻጮች ሁሉ ነበሩት። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ዕውቅና ሰጪ ድርጅቶቹንም ራሱ መፍጠሩ ነው። "ዕውቅና አላችሁ ወይ?" ብሎ የጠየቀ ሰው "አዎ" ተባለ፣ የዕውቅና ሰጪው ድረ ገጽ ተላከለት፣ ከፍቶ አየ፣ የትምህርት ቤቱን ስም አገኘ፣ ከፈለ። ያ ሰው ሳያጣራ አልቀረም። ያጣራው ግን ሻጩን በሻጩ ወንድም ነበር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የአገራችን ሰው። አክዛክት ያስተማረው ደግሞ መጠርጠር ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ጥርጣሬው ትምህርት ቤቱን አልፎ ዕውቅና ሰጪው ድረስ መድረስ አለበት።

መንገዱ ከባድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ራሱ ለዩኒቨርሲቲዎች ዕውቅና አይሰጥም። የትምህርት ሚኒስቴሩ የሚያደርገው ዕውቅና ሰጪዎቹን ማወቅ ነው፤ ዕውቅና ያላቸውን ተቋማት ዝርዝርም ለሕዝብ ክፍት አድርጎ አስቀምጧል። በሌላ አገር ደግሞ የዚያው አገር የከፍተኛ ትምህርት ባለሥልጣን ዝርዝር አለ። ፍለጋው በዚያ ይጀመር። ሻጩ የላከውን ሊንክ ተጭኖ ሳይሆን፣ አድራሻውን ራስ ፈልጎ፣ ራስ ጽፎ።

የቢዝነስ ትምህርት በዚህ ላይ የራሱ መርማሪዎች አሉት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1916 የተመሠረተው ኤኤሲኤስቢ እና የአውሮፓው ኢኩዊስ የቢዝነስ ትምህርት ቤቱን ይገመግማሉ። አምባ በሚል ምህፃረ ቃል የሚታወቀው የለንደኑ ማኅበር ደግሞ የኤምቢኤ ፕሮግራሙን ይመዝናል። ሦስቱንም የያዙ ትምህርት ቤቶች በዓለም ጥቂት ናቸው፤ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። ከሦስቱ አንዱንም ያልያዘ ትምህርት ቤት ሁሉ ግን ሐሰተኛ አይደለም፤ በአገሩ ሕግ የታወቀ፣ በቅንነት የሚያስተምር ብዙ አለ። አለኝ ብሎ በዝርዝሩ ውስጥ የማይገኝ ግን ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ለእኛው አገር መሥሪያ ቤት የሚቀርብ ነው። ከውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ ኢትዮጵያ ውስጥ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ብዙ ሰው ወደዚያ የሚሄደው ዲግሪውን ይዞ ነው። መሄድ የነበረበት ከመመዝገቡ በፊት ነበር። አገር ውስጥ ለሚሰጥ ፕሮግራምም ያው ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጅምላ ሳይሆን ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ስለሆነ፣ በአካውንቲንግ ዲግሪ ፈቃድ ያለው ኮሌጅ ኤምቢኤ ለማስተማርም ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። የትምህርት ክፍሉ፣ ደረጃው፣ ካምፓሱ እና የሚሰጥበት መንገድ አንድ በአንድ ይጠየቅ።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረው ኦንላይን ኤምቢኤ ሙሉ ክፍያው 24,000 ዶላር ነበር፤ ለአሜሪካ ርካሽ ተባለ። ያ ገንዘብ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ከመለቀቁ በፊት በነበረው የ57 ብር ሒሳብ 1.4 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። ዶላር በ100 ብር ቢሰላ 2.4 ሚሊዮን ይሆናል። ይህ የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ነው። ርካሽ ሁሉም ሐሰት አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተው የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል፣ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ለየኮርሱ ምዘና ግን ያስከፍላል፤ በአሜሪካ ዕውቅናም አለው። ስለዚህ ዋጋው ብቻውን ምንም አይነግርም። የሚነግረው ገንዘቡ ወዴት እንደሚገባ ነው። ክፍያው በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ይግባ የሚል "ወኪል"፣ "ዛሬ ካልከፈሉ ቅናሹ ያልፋል" የሚል ጥድፊያ፣ የሥራ ልምድ ብቻውን ለዲግሪ ይበቃል የሚል ተስፋ፣ የጥቂት ሳምንት ሥልጠናን "ሚኒ ኤምቢኤ" ብሎ እንደ ማስተርስ የሚያስቆጥር ማስታወቂያ፦ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ስልኩን መዝጋት ነው።

"ታዲያ ማን ያጣራል? ወረቀቱ ከኖረ ይበቃል" የሚሉ አይጠፉም። ይህ ድሮ ይሠራ ይሆናል። አሁን መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ማስረጃ ወደ ሰጪው ተቋም ልከው እያስመረመሩ ነው። ዕድገት ካገኙና ደሞዝ ከጨመሩ በኋላ የሚመጣ "ማስረጃዎ አልተረጋገጠም" የሚል ደብዳቤ ሥራን ብቻ አይነካም፤ በመሥሪያ ቤት፣ በሠፈር፣ በልጆች ፊት የተገነባ ስምንም ያፈርሳል። ጉዳቱ በዚያም አያበቃም። ሌሊት እያመሸ አሳይመንት ሠርቶ በትክክል የተመረቀውም ሰው አብሮ ይጠረጠራል።

ወቀሳው ግን አመልካቹ ላይ ብቻ ቢያርፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ክፍት የሥራ ቦታ ሲያወጡ ሥራው ባይጠይቅም "ማስተርስ ያለው" ብለው የሚጽፉ መሥሪያ ቤቶች፣ ለደረጃ ዕድገት ከችሎታ ይልቅ ወረቀት የሚቆጥሩ የሰው ኃይል ክፍሎች ይህን ገበያ አቁመውታል። ወረቀት ብቻ የሚጠይቅ ቀጣሪ ባለበት አገር ወረቀት ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ አይጠፋም። ቀጣሪዎች ቢያንስ የሚቀበሏቸውን ዕውቅናዎች አስቀድመው በግልጽ ቢያሳውቁ ብዙ ሠራተኛ ከኪሳራ ይድን ነበር።

ያ እስኪሆን አመልካቹ ሦስት ደብዳቤ መጻፍ ይችላል። አንዱ ለዩኒቨርሲቲው አገር ባለሥልጣን፣ አንዱ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ አንዱ ለቀጣሪው መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል። ጥያቄው በሦስቱም አንድ ነው፦ ይህን ዲግሪ ብይዝ ትቀበሉታላችሁ? ምላሹ በጽሑፍ ይሁን። እስኪመጣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማልና ይጠበቅ። እስከዚያው ብሩ ባንክ ውስጥ ይቆይ።