ስለ ስልክ ጨዋታና አብሮ ስለ መጫወት

በቋንቋችን ውስጥ ካሉት ቃላት «ጨዋታ» የሚለው ቃል ዘወትር ያስደንቀናል። አንድ እንግዳ ከቤት ገብቶ ዝም ብሎ የተቀመጠ እንደ ሆነ ባለቤቱ «ይጫወቱ እንጂ» ይለዋል። ይህንም ማለቱ ኳስ ይምቱ ወይም ጠጠር ይቁጠሩ ማለቱ አይደለም፤ ይናገሩ፣ ይጠይቁ፣ ከእኛ ጋራ ይሁኑ ማለቱ ነው እንጂ። ልጅም በሜዳ ላይ ሲሮጥ «ይጫወታል» እንላለን። አባቶቻችን ወግንና ጨዋታን በአንድ ቃል መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ ሁለቱም ከሌላ ሰው ጋራ ካልሆነ በቀር አይጥሙምና።

ይህን ያነሣንበት ምክንያት በዛሬው ጊዜ በየቤቱ የሚሰማው ክርክር ነው። ልጆች በእጅ ስልክ ላይ አቀርቅረው ይውላሉ፤ ራት ቀርቦ ሲጠሩ «አንድ ጊዜ ብቻ» ይላሉ፤ ያም አንድ ጊዜ ማለቂያ የለውም። ከወላጆችም አንዳንዶቹ ስልኩን ነጥቀው ከሣጥን ይቈልፉበታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ልጁ ዝም ካለ ይበቃናል ብለው ይተዉታል። እኛ ግን ከመንጠቅም ከመተውም በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይገባል እንላለን፤ ይኸውም ጨዋታን ለሰው ቁም ነገር የሚያደርገው ምንድን ነው? የሚል ነው።

ጨዋታ ለታላላቆች የሚያሳፍር ነገር ሆኖ አያውቅም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ፣ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ መጫወት እጅግ ይወዱ እንደ ነበር ጽፏል። የአገራችንም ሰንጠረዥ ከሌላው አገር የሚለይበት ጠባይ አለው። ሁለቱ ተጫዋቾች በመጀመሪያ ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን ባንድነት ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። ከሁለቱ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ወረራው ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ በተራው ይጫወታል። ስለዚህ ተጫዋቹ የራሱን ሠራዊት ብቻ ቢመለከት ይጠፋል፤ ዓይኑ ከባላጋራው እጅ ሊለይ አይገባውም።

እኛም በተወለድንበት በመርጡለ ማርያም፣ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት የድንጋይ ሕንፃ ፍራሽ ባለበት አገር፣ በልጅነታችን በገና ዕለት ሜዳው በሰው ይመላ ነበር። በጥንግ ግጥሚያ ጌታ በሎሌው እንዳይቈጣ የቈየ ልማድ ነው። በማግሥቱ እጅ የሚነሣው ሰው በዚያ ቀን የጌታውን ቅልጥም በገናው ዱላ ቢመታ ክስ አልነበረበትም። በጥላ ሥርም እረኞች መሬት ቈፍረው ገበጣ ይጫወቱ ነበር። አንዱ ጠጠር የሰረቀ እንደ ሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጫወተው ሰው ያጣል፤ ቅጣቱ ይህ ብቻ ነበር፤ ግን ይበቃ ነበር።

በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራችን ዘወትር የምናየው ሰው ሕግን ፈርቶ ወይም ተገዶ ሲቀበል ነው። ስለ አንዲት ክንድ ወሰን ሁለት ወንድማማቾች ዓመት ሙሉ ሲመላለሱ፣ ፋይላቸው ሲወፍር እናያለን። የገበጣ ሕግ ግን ጽሑፍም ዘበኛም የለው፤ ሆኖም ይከበራል። ምክንያቱን ብንመረምር፣ ተጫዋቹ ከማሸነፉ ይልቅ ባላጋራው ነገም ተመልሶ እንዲመጣለት ስለሚፈልግ ነው።

ምናልባት «ይህ የጥንቱ ጨዋታ ነው፤ የመኪናው ጨዋታ ግን ሌላ ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኛም ስለዚህ የምናስታውሰውን እንናገራለን።

ዳዊት ደግመን ከቤተ ክህነት ትምህርት ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተዛወርን በኋላ፣ በ1987 ዓ.ም. ገደማ፣ አንዱ ጓደኛችን ዘመዱ ከዐረብ አገር ያመጣለትን አንዲት ትንሽ መሣሪያ ይዞ መጣ። በመስተዋቷ ላይ ጡብ የሚመስሉ ቅርጾች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹም እያዞረ ቀዳዳ ሳይተው መደርደር ይገባዋል። አንዱ ረድፍ የመላ እንደ ሆነ ይጠፋለታል፤ ካልመላ ግን ጡቡ እየተከመረ ከጣሪያው ይደርስና ጨዋታው ያልቃል። ይህ ጨዋታ ቴትሪስ የሚባለው ነው፤ በ1984 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሞስኮ ከተማ አሌክሴይ ፓጂትኖቭ የተባለ የኮምፒዩተር ሊቅ የፈጠረው መሆኑን ያወቅነው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

መሣሪያዋ አንዲት ስትሆን እኛ ከሃያ እንበልጥ ነበር። ስለዚህ ማንም ሳያዝዘን ሕግ አወጣን። ጡቡ ከጣሪያ የደረሰበት ሰው ያለ ክርክር ያስረክባል፤ ባለቤቱም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል፤ የባትሪው ድንጋይ ባለቀ ጊዜ ሁሉም ሳንቲም ያዋጣል፤ ማዋጣት ያልቻለም ተራው አይቀርበትም። ከሁላችን የበለጠ የተጫወተው ጫማ ያልነበረው፣ ከሩቅ ገጠር በእግሩ የሚመላለስ ልጅ ነበር። እርሱ ሲጫወት ሌሎቻችን በትከሻው ላይ ተደርበን እናይ ነበር፤ አንድ ረድፍ ባጠፋ ቍጥርም የእኛ ድል ይመስል እንጮኽ ነበር። ዛሬ ያችን መሣሪያ ስናስብ ትዝ የሚሉን ጡቦቹ አይደሉም፤ በአንገታችን ላይ ይሰማን የነበረው የኋለኛው ልጅ ትንፋሽ ነው።

ከዚያ በኋላ የእጅ ስልክ መጣ። በኢትዮጵያ የሞባይል ስልክ አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቢጀመርም ወደ አውራጃ ከተሞች የደረሰው ቈይቶ ነው። ከሁሉም ይልቅ ሕዝብ የወደደው በራሱ ላይ ባትሪ የሚያበራው ኖኪያ 1100 ነበር፤ በ2003 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወጥቶ በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በውስጡም የእባብ ጨዋታ ነበረ። ይህንንም ጨዋታ በ1997 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለኖኪያ ስልክ ያዘጋጀው ታኔሊ አርማንቶ የተባለ የፊንላንድ ሰው ነው። እባቡ ምግቡን እየለቀመ ይረዝማል፤ ራሱ የገዛ አካሉን የነካ እንደ ሆነ ይሞታል።

አባታችን የቅኔ መምህር ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ታመው በባሕር ዳር ሐኪም ቤት በተኙ ጊዜ እኛ አስታማሚ ነበርን። ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ሕመሙም እንቅልፍ ይነሣቸዋል፤ መጽሐፍ እንዳናነብላቸው መብራት ይጠፋል። አንድ ሌሊት በስልካችን እባቡን ስንጫወት ቀና ብለው «ምንድን ነው ይህ የሚሳበው?» ብለው ጠየቁን። ባሳየናቸው ጊዜ ብዙ ዝም ብለው ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ይህ እባብ ሌላ ጠላት የለውም፤ የበላው ሁሉ ከኋላው ይከተለዋል፤ የሚገድለውም እርሱ ነው» አሉን። ሰሙን ከማየታቸው ወርቁን አገኙት።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሥራውን ተካፈልነው። ላይና ታች የሚያዞሩትን ቍልፎች እርሳቸው ያዙ፤ ግራና ቀኝ የሚያዞሩትን እኛ ያዝን። እንዲህ ሲሆን አንዱ ያለ ሌላው አንድ ማዕዘን እንኳ መዞር አይቻለውም። በመጀመሪያ እባቡ ወዲያው ወዲያው ይሞትብን ነበር፤ እርሳቸውም ሕመማቸውን ረስተው ይሥቁ ነበር። እየቈየን ግን ሳንነጋገር የአንዳችን ጣት የሌላውን ኀሳብ ማወቅ ጀመረ። ጠዋት የጤና ባለሙያዎቹ መጥተው ከሄዱ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ትናንት ስንት ደረስን?» የሚል ነበር፤ ስንት ደረስህ አላሉም። በዚያው ዓመት በፍልሰታ ጾም ዐረፉ። የደረስንበት ቍጥር ስንት እንደ ነበር ዛሬ ከቶ አናስታውሰውም፤ «ደረስን» ያሉት ቃል ግን ከጆሯችን አልጠፋም።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፣ ጨዋታው በጠጠርም ሆነ በመብራት ቢሠራ ዋናው ነገር አንድ መሆኑን ነው። ከአጠገብ ወይም ከፊት ሌላ ሰው አለ፤ በመካከልም ሁለቱም ወደው የተቀበሉት ሕግ አለ። እነዚህ ሁለቱ የተገኙ እንደ ሆነ ጨዋታው ትዝታ ይሆናል፤ የጐደሉ እንደ ሆነ ጊዜ መፍጃ ብቻ ይሆናል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት በቈየ ጊዜ ይህን በዓይናችን አይተናል። ልጃችን በባሕር ዳር ከሚኖር የአክስቱ ልጅ ጋራ በስልክ የእግር ኳስ ይጋጠም ነበር። መሥመሩ ሲቋረጥ ስልኩ በእጁ ነው፤ ብቻውንም የሚጫወትባቸው ጨዋታዎች በውስጡ አሉ፤ እርሱ ግን ከሳምንት በላይ አልተጫወተባቸውም። ያሳዘነው ጨዋታ ማጣቱ ሳይሆን «ዛሬ አንተ ጀምር» የሚለውን ሰው ማጣቱ ነበር። ከጥቂት ቀንም በኋላ ከጎረቤት ልጆች ጋራ በግቢያችን ጥግ የገበጣ ጉድጓድ ቈፍረው አገኘናቸው፤ ሕጉንም ያስተማረቻቸው አያታቸው ናት።

የአገራችንም ወጣቶች በዚህ ጥበብ እየሠሩ መሆናቸውን ብንገልጽ መልካም ነው። ቅኔ የሚል ስም ያለው ኢትዮጵያዊ ድርጅት በ2018 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኩኩሉ የተባለ የስልክ ጨዋታ አውጥቷል፤ በእርሱም ዶሮ ከሚያሳድዳት ሰው ትሸሻለች። ይኸው ድርጅት ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። በየከተማውም ያሉትን የፕሌይስቴሽን ቤቶች ሁሉ አንድ ላይ አንነቅፋቸውም፤ አንድ ግጥሚያ ከፍለው ሁለቱ ሲጋጠሙ ዐሥሩ ቆመው የሚፈርዱበት ቤት ከገናው ሜዳ የራቀ አይደለም። ልጁ ከትምህርት ሰዓት ወጥቶ የሄደበት እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ የትም ቢሄድ ያው ነው።

የሚያስፈራውን ደግሞ ልንሸሽግ አይገባንም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ተቀብሎ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ (ሁለቱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) የጨዋታ ሱስ በሽታ ተብሎ ገብቷል። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ ሰውዬው መጫወቱን መግታት ሲያቅተው፣ ጨዋታውን ከሌላው የኑሮ ጕዳይ ሁሉ ሲያስቀድም፣ ጕዳቱንም እያየ ሲቀጥል ነው። ይህ ጠባይ በተለመደው ዐሥራ ሁለት ወር ያህል ሲታይ በሽታ ይባላል። እንግዲህ አንድ ቅዳሜ የተጫወተ ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ ከሰው ተለይቶ፣ ትምህርቱንና እንቅልፉን ትቶ የቀረ እንደ ሆነ ግን ቍጣ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልገዋል። በገንዘብ የሚደረገውም ውርርድ ጨዋታ ሊባል አይገባውም፤ በእርሱ ውስጥ ባላጋራው ነገ ተመልሶ እንዲመጣ የሚፈልግ የለምና፤ የሚፈለገው ከኪሱ ያለው ነው።

ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን በየቤታቸው ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ይመስለናል። መጀመሪያ፣ የጨዋታው ሰዓት ከልጁ ጋራ ተመክሮበት ይወሰን፤ ራሱ የተስማማበትን ሕግ ልጅም ያከብረዋልና። ሁለተኛ፣ ሕጉ ለታላቁም ለታናሹም አንድ ይሁን፤ በማዕድ ላይ ስልክ የተከለከለ እንደ ሆነ የአባትየውም ስልክ ከመደርደሪያው ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ «እኔንም አስተምረኝ» ማለት ነው። በሥራው ቦታ ብዙ ሰው የሚያዝ ታላቅ ሰው፣ በልጁ ፊት ተማሪ ሆኖ ተሸንፎ ሲሥቅ ክብሩ የሚቀንስ መስሎ አይታየው። ልጁ ስንት ነጥብ እንዳገኘ ከዓመታት በኋላ ይረሳዋል፤ በዚያ ጊዜ ከአጠገቡ ማን ተቀምጦ እንደ ነበር ግን አይረሳውም።