የነርሶች ደመወዝና የነጋዴው ሒሳብ

በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. ነርሶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው እንዲሻሻል ጠይቀው በብዙ ከተሞች ሥራ ካቆሙ ወዲህ፣ ጉዳዩ በየሱቁና በየቢሮው መነጋገሪያ መሆኑ አልቀረም። ነጋዴውም አሳቡን ከመስጠት አልተቆጠበም፤ እንዲያውም ከሌላው ይልቅ ድምፁ ጎልቶ የተሰማ ይመስለኛል። ከሚሰማው አነጋገር አብዛኛው ሁለት ነው። አንደኛው «ነርስ እንዴት በሽተኛ ጥሎ ይወጣል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ለእነርሱ በተጨመረ ቁጥር ግብሩ በእኛ ላይ ይመጣል» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቤት ደብዳቤ የሚጽፍና የደመወዝ መዝገብ የሚይዝ ሠራተኛ እንጂ የሕክምናም ሆነ የሕግ ዐዋቂ ስላልሆነ፣ ነገሩን የሚመረምረው በሚያውቀው በኩል፣ ይኸውም በሒሳብ በኩል ነው።

እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ በመንግሥት ሥራ ለሚቀጠር ሰው መነሻው ደመወዝ በወር 6,940 ብር ነበር። ይህን ቁጥር በደመወዝ መዝገብ ላይ ብናወርደው፣ በግንቦት ወር በነበረው ደንብ የሥራ ግብር 1,170 ብር፣ የጡረታ መዋጮ በመቶ 7 ታስቦ 485 ብር ከ80 ሳንቲም ይቀነስና በእጅ የሚገባው 5,284 ብር ከ20 ሳንቲም ይሆናል። በሠላሳ ቀን ቢካፈል ለቀኑ 176 ብር ይደርሰዋል። የተረኛነት ክፍያና ልዩ ልዩ አበል መኖሩ አይካድም፤ ነገር ግን ይህ ክፍያ በብዙ ቦታ ወራት ዘግይቶ የሚሰጥ መሆኑ ራሱ ከአቤቱታዎቹ አንዱ ነበር። እንግዲህ ባለሱቅ የሆነ አንባቢ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ቃኘት አድርጎ፣ በ176 ብር የቤት ኪራይም፣ የታክሲም፣ የልጅ ቀለብም እንዴት እንደሚወጣ ራሱ ይፍረድ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ከ130 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ዘመን የአስመጪ ቤት ጸሐፊ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ እኔ በምሠራበት ቤት በነሐሴ ወር ብቻ የዋጋ ዝርዝሩ አራት ጊዜ በአዲስ ተጽፎ ለደንበኞች ተልኳል። በዕቃ ቤት ቀድሞ የገባውና ቀረጡ በአሮጌው ምንዛሪ የተከፈለበት ሸቀጥ እንኳ ከአዲሱ ዋጋ አላመለጠም። ደንበኛው ሲያጉረመርም የምንሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ «ዶላር ጨምሯል፤ በዚህ ካልሸጥን ነገ ያንኑ ዕቃ መልሰን ማምጣት አንችልም»። መልሱ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ነርሷም የምትሸጠው ነገር አላት፤ እርሱም ሰዓቷና ዕውቀቷ ነው። በ130 ብር ምንዛሪ ሲሰላ 6,940 ብር 53 ዶላር ያህል ነው፤ በ57 ብር ቢሰላ 121 ዶላር በሆነ ነበር። እርሷ የዋጋ ዝርዝሯን በአዲስ ጽፋ ለደንበኛ የምትልክበት መንገድ የላትም። ዋጋዋን የሚጽፍላት ሌላ ነው፤ እርሱም በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጽፍ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ሙያው የተከበረ ነውና ስለ ገንዘብ መነሣት የለበትም ይላል። ክብሩስ እውነት ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በሎንዶን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሐኪም ቤት የነርስነት ትምህርት ተምረው በሙያው ያገለገሉ ናቸው፤ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ካረፉ በኋላም በስማቸው መታሰቢያ ሐኪም ቤት ተሠርቶላቸዋል። ከዚህ የበለጠ ክብር ለየትኛውም ሙያ አልተሰጠም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን የቤት ኪራይ በክብር ተከፍሎ አያውቅም፤ እኛም በመደብራችን ክብርን በገንዘብ ፈንታ ተቀብለን ዕቃ ያስረከብንበት ቀን የለም።

«በሽተኛ ጥሎ መውጣት» ወደሚለው እንመለስ። በዚህ ላይ ነጋዴው ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ ይሻላል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቁርጥ ግብር ግምት በወጣ ጊዜ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ባለሱቆች «ግምቱ ከገቢያችን በላይ ነው» ብለው ሱቃቸውን ዘግተው ነበር። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት በመርካቶ ብዙ መደብር ተዘግቶ ታይቷል። ያን ጊዜ የዘጋው ሰው ራሱን አድመኛ ብሎ አልጠራም፤ የሚሰማው ቢያጣ ያደረገው እንደ ሆነ ነበር የሚናገረው። የሚሰማው ያጣ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ለእኛ ሲሆን አቤቱታ፣ ለነርስ ሲሆን ወንጀል የሚሆንበትን ምክንያት አጥጋቢ በሆነ መንገድ ያስረዳኝ እስካሁን አላገኘሁም።

ይህን ስል ግን የተዘጋ ሱቅና የተዘጋ የሕሙማን ክፍል አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ሱቅ ቢዘጋ ገዢው ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ምጥ የያዛት ሴት ግን ወደየት ትሄዳለች? በጎረቤታችን በኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. የነርሶች ሥራ ማቆም አምስት ወር ያህል ሲቆይ፣ ገንዘብ ያለው ወደ ግል ሐኪም ቤት ሄደ፤ የሌለው ቤቱ ቀረ። የሥራ ማቆም ዱላ አስቀድሞ የሚያርፈው ደመወዙን በሚወስነው ሹም ላይ ሳይሆን ከነርሷም በሚያንስ ድኻ ላይ ነው። በብሪታንያ የነርሶች ሮያል ኮሌጅ በ1916 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ እስከ 1995 ድረስ ሥራ ማቆምን በደንቡ ከልክሎ የኖረ ማኅበር ነው። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. አባሎቹ ሥራ ሲያቆሙ ግን ቀኑን አስቀድመው አስታውቀው፣ ሕይወት ለማዳን የሚያስፈልገውን አገልግሎት በስምምነት ከሥራ ማቆሙ ውጭ አደረጉት። የጠየቁትን ሁሉ አላገኙም። ነገር ግን ማን ከማን ጋር እንደሚደራደር፣ የትኛው ክፍል እንደማይዘጋ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። የእኛ ችግር ይህ የታወቀ መንገድ ማጣቱ ነው።

ሕጋችንን ያየን እንደ ሆነ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሠራተኞችን የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት ሲያውቅ፣ የመንግሥት ሠራተኞችን በሚመለከት የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸውን ብቻ ይላል፤ እነማን እንደ ሆኑም በሕግ ይወሰናል ብሎ ይተወዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ሐኪም ቤቶችን፣ ክሊኒኮችንና መድኃኒት ቤቶችን ሥራ ማቆም ከማይፈቀድባቸው አስፈላጊ አገልግሎቶች ጋር ይቆጥራል። ነገር ግን አዋጁ በአንድ እጁ ሲነሣ በሌላው ይሰጣል፤ በእነዚህ ድርጅቶች ውስጥ የደመወዝ ክርክር ቢነሣ ጊዜያዊ ቦርድ ተቋቁሞ እንዲያይ ይፈቅዳል። ይህ ሁሉ ግን በግል ድርጅት ለሚሠሩት ነው። አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትምና፣ በመንግሥት ሐኪም ቤት ያለችው ነርስ እንዲህ ያለ የደመወዝ ዳኛ የላትም። ነጋዴ ሲዋዋል የክርክር መፍቻ አንቀጽ የሌለው ውል ቢቀርብለት አይፈርምም፤ ጠበቃው ያስጠነቅቀዋል። እርሷ ግን ፈርማ የምትሠራው ይህንኑ ነው።

መንግሥት ዝም አላለም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል፤ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ከሥራ ግብር ነጻ የሆነው ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር አድጓል። በአዲሱ ስሌት ከ11,500 ብር ላይ ግብር 2,100 ብር፣ ጡረታ 805 ብር ተቀንሶ 8,595 ብር በእጅ ይገባል። ጭማሪው የመጣው ከሥራ ማቆሙ በኋላ ነው፤ ምክንያቱ እርሱ ነው ብሎ መፍረድ የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ማንም ያያል፤ ሠራተኛውም ከዚህ የሚማረውን ይማራል። ሌላም አንድ ነገር ልጨምር። ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ሲያድግ ጭማሪው በመቶ 26 ሲሆን፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ሲያድግ በመቶ 81 ነው። የሕሙማን ክፍል የሚጠርገው ሰው የሚገዛበት ሱቅ ከሹሙ ሱቅ የረከሰ አይመስለኝም።

«ግብሩ በእኛ ላይ ይመጣል» ለሚለው መልሱ በባለሱቁ የዱቤ ደብተር ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ለነርሷ የተጨመረላት 3,310 ብር የሚሄደው ወደ ዘይት፣ ወደ ሳሙና፣ ወደ ልጅ ደብተርና ጫማ ነው፤ ማለት ወደ እኛው ነው። የደመወዝ ወጪ ከገቢ ካልተሸፈነ ዋጋ እንደሚያንር እሙን ነው። ነገር ግን ደመወዝ ሊጨመር ነው የሚል ወሬ በሰማ ማግስት፣ ገንዘቡ ገና በሠራተኛው እጅ ሳይገባ ዋጋውን ከፍ የሚያደርግ ነጋዴ ስለ ዋጋ ንረት ሊያስተምር አይችልም።

ላኪዎች ለሆኑት አባሎች ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. የጤና ሠራተኛ እጥረት ስላለባቸው ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል ብሎ በመዘገባቸው 55 አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ ትገኛለች። በአገር ገንዘብ ተምራ ወደ ሌላ አገር የምትሄድ ነርስ ለቤተ ሰቧ ገንዘብ ትልክ ይሆናል፤ ለትምህርቷ የወጣውን ግን ተቀባዩ አገር አይከፍልም። አንድ ኩንታል ቡና ያለ ዋጋ ቢወጣብን የምንጮኸውን ጩኸት ሁሉም ያውቀዋል።

የንግድ ምክር ቤታችን ስለ ታክስና ስለ ምንዛሪ አሳቡን ለመንግሥት ሲያቀርብ፣ የጤና ሠራተኞችን ደመወዝ በየዓመቱ ከኑሮ ዋጋ ጋር እያስተያየ የሚመረምር፣ ሠራተኛውም የተወከለበት አካል እንዲቋቋም ቢጠይቅ ከሥራው የወጣ አይሆንም። በዚያው ድንገተኛ ሕክምና፣ ማዋለጃና የጽኑ ሕሙማን ክፍል በማናቸውም ክርክር ጊዜ እንዳይዘጉ ሁለቱም ወገን ይፈራረሙበታል። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ምንም አዲስ አዋጅ የማያስፈልገው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የተሠራበትን የሌሊት ተረኛነት ክፍያ በወሩ መክፈል ነው። ዕቃ ያስረከበ ነጋዴ ሂሳቡ ሦስት ወር ቢዘገይበት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ያስጽፋል፤ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ በየወሩ የምጽፈው እኔ ስለ ሆንሁ ቃሉን በቃሌ ዐውቀዋለሁ።