ቱታ የለበሰች ልጅና የእናት ጭንቀት

በቅርቡ ቡና ለመጠጣት በተሰበሰብንበት ቤት አንዲት የሰፈራችን እናት አንድ ጉዳይ አነሡ። ልጃቸው በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ለመኪና ጥገና ትምህርት ተመድባለች። ልጅቷ ደስ ብሏታል፤ እናቲቱ ግን እንቅልፍ አጥተዋል። «አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፤ እስቲ ምከሪኝ» አሉኝ። «ሴት ልጅ ቱታ ለብሳ፣ ግራሶ ተቀብታ፣ መኪና ሥር ተጋድማ ስትውል ሰው ምን ይላል? ደግሞስ ያንን ሁሉ ብረት በምን አቅሟ ታነሣዋለች?»

ገሚሱ ሳቀ፤ ገሚሱ «እውነታቸውን ነው» አለ። እኔም በዕለቱ የረባ መልስ አልሰጠሁም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ትዝ ያለኝ የአንድ የጦር ሠራዊት የመኪና ጥገና ክፍል ታሪክ ነበር። ይህ ከቤተሰብ ዓምድ ጋር ምን ያገናኘዋል የምትሉ አንባብያን ብትኖሩ፣ እስከ መጨረሻው እንድትታገሡኝ እጠይቃለሁ።

ክፍሉ የተቋቋመው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር ሲሆን፣ ዕለቱም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1942 ነበር። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21 ቀን 1935 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ጠላት ከአዲስ አበባ ከተባረረ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ። ስሙም የንጉሣዊ ኤሌክትሪክና ሜካኒክ መሐንዲሶች ክፍል ተባለ። ከዚያ በፊት የጥገናው ሥራ በተለያዩ መምሪያዎች የተበታተነ ነበር። በሰር ዊልያም ቤቨሪጅ የተመራ ኮሚቴም በ1941 ጉዳዩን መርምሮ፣ የሠለጠነ ባለሙያ ከሙያው ውጭ እየባከነ መሆኑን አስታውቆ ነበር። ስለዚህ ባለሙያው ባንድ እንዲሰባሰብ ተደረገ።

አሠራሩን እኛ በምናውቀው ነገር ለመግለጽ፣ ጤና ጣቢያና ሆስፒታልን ማሰብ ይበቃል። ቀላሉን ብልሽት ከተዋጊው ጦር ጋር አብሮ የሚጓዝ ትንሽ ቡድን እዚያው ያቃናዋል። ከበድ ያለው ከኋላ ወደሚከተለው ተንቀሳቃሽ ጋራዥ ይጎተታል። ሞተሩ ተፈታቶ እንደ አዲስ መሠራት ያለበት ደግሞ በግብፅ ቴል ኤል ከቢር እንደነበረው ወዳለ ትልቅ ጋራዥ ይላካል።

ክፍሉ በተቋቋመ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1942፣ በግብፅ በረሃ የኤል አላሜን ጦርነት ተጀመረ። ፈንጂ የታንኮችን ሰንሰለት ይበጥስ ነበር። ጠጋኞቹም የቆመውን ታንክ ጎትተው፣ ጠግነው መልሰው ወደ ግንባር ይልካሉ። ከጠላት ጥይት ሌላ የሚዋጉት ነገርም ነበር፤ አቧራ። የአየር ማጣሪያው በየጊዜው ካልጸዳ አሸዋ ወደ ሞተር ይገባል፤ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። እህል ሳይበጠር ወፍጮ ቤት ልካ አሸዋ የቀመሰ ዱቄት የተመለሰላት እናት ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልጋትም።

ጦሩ ጥር 23 ቀን 1943 ትሪፖሊ ሲገባ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ነበር። መለዋወጫው ከሩቅ ኋላ ስለሚመጣ፣ ጠጋኞቹ ከማይድነው መኪና እየፈቱ ለሚድነው ይገጥሙ ነበር። ግንቦት 13 ቀን በቱኒዚያ ውጊያው አበቃ። ቀጥሎ ወደ ሲሲሊ በባሕር መሻገር ስለነበረ፣ መኪናው የባሕር ውሃ ውስጥ ገብቶ እንዳይጠፋ የኤሌክትሪኩን ክፍል ውሃ በማያሳልፍ ነገር ማሸግና የጭስ ማውጫውን ወደ ላይ ማስረዘም አስፈለገ። ሐምሌ 10 ቀን ሲሲሊ፣ በመስከረም ጣሊያን ተደረሰ። ክፍሉ ልክ አንድ ዓመት በሞላው ዕለት፣ ጥቅምት 1 ቀን 1943፣ የሕብረቱ ጦር ኔፕልስ ከተማ ገባ።

እንግዲህ ከዚህ ዓመት ምን እንማራለን? በጥገና ሥራ ቁም ነገሩ የክንድ ጉልበት ብቻ አይደለም። ከባዱን ብረት የሚያነሣው ክሪክና ክሬን ነው። ሰው የሚፈለገው ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን ለመለየት፣ ከመሰበሩ በፊት ለማየት፣ በሌለ መለዋወጫ መላ ለመፍጠርና ቡሎኗን ሳይሰለች በቦታዋ ለመመለስ ነው። ባልሞላ ገቢ ቤት ያቆመች እናት ይህን ትዕግሥትና መላ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የሚጎድላት ትምህርቱና መሣሪያው ነው።

ይህም በተግባር ታይቷል። እንግሊዝ በ1938 የሴቶች ረዳት ጦር አቋቁማ ነበር። ከታኅሣሥ 1941 ጀምሮም ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 30 የሆኑ ያላገቡ ሴቶች ለብሔራዊ አገልግሎት እንዲጠሩ ሕግ ወጣ። በ1943 የዚህ ጦር አባላት ከ200,000 በላይ ደርሰው ነበር። በአገር ውስጥ ጋራዦች ሞተር የሚፈቱ፣ የኤሌክትሪክ መስመር የሚጠግኑ፣ መለዋወጫ የሚያደርሱ ሴቶች ተሰለፉ። በግብፅም ከፍልስጤም የተመለመሉ የዚሁ ጦር ሴቶች የጭነት መኪናና አምቡላንስ ይነዱ ነበር። በ1945 ደግሞ የንጉሡ ልጅ ልዕልት ኤልሳቤጥ በ18 ዓመቷ ገብታ ሹፌርነትና መካኒክነት ተማረች። ቱታ ለብሳ ጎማ ስትቀይር የተነሣችው ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። በኋላ ንግሥት ሆነው በ1957 ዓ.ም. አገራችንን የጎበኙት እኚሁ ሴት ናቸው። ግራሶ ዘውድ እንዳልከለከለ ልብ ይሏል።

ነገር ግን ታሪኩን እዚህ ላይ አቁሜ «አይዞዎት» ብል እናቲቱን ማታለል ይሆንብኛል። እነዚያ ሴቶች የሚከፈላቸው በማዕረግ እኩያቸው ለሆነው ወንድ ከሚከፈለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነበር። ቡሎኑ ለሴት ብሎ አንድ ሦስተኛ አልላላም፤ ደመወዙ ግን ጎደለ። ጦርነቱ ሲያበቃም ባለትዳር ሴቶች ቅድሚያ ተሰጥቷቸው እንዲሰናበቱ ተደረገ። በጭንቅ ቀን «ትችላለሽ» የተባለችው፣ ሰላም ሲሆን ወደ ምድጃሽ ተባለች። እንግሊዝ አገር እኩል ሥራ ለሠሩ ሴትና ወንድ እኩል እንዲከፈል የሚያዝ ሕግ ያወጣችው በ1970 ነው።

ስለዚህ በሁለተኛው ቡና ላይ ለእናቲቱ እንዲህ አልኳቸው፦ «እትዬ፣ መጨነቅዎ ደግ ነው፤ ቦታውን ነው የሳተው። ‘ትችላለች ወይ?’ የሚለው ጥያቄ ከሰማንያ ዓመት በፊት ተመልሷል። መጠየቅ ያለበት ‘ይገባታል የሚባለውን ታገኛለች ወይ?’ የሚለው ነው።»

ቀጥዬም ወደ ማሠልጠኛው ሄደው አራት ነገር እንዲጠይቁ መከርኳቸው። አንደኛ፣ በተግባር ልምምድ ጊዜ መፍቻውን ራሷ ትይዛለች ወይስ መሣሪያ አቀባይ ሆና ትቀራለች? ሁለተኛ፣ ለልምምድ የምትላክበት ጋራዥ ለሴት የሚሆን ልብስ መቀየሪያና መታጠቢያ አለው ወይ? ሦስተኛ፣ የሚያስቸግራት ሰው ቢኖር አቤት የምትለው ለማን ነው? አራተኛ፣ ስትቀጠር ክፍያዋ ከወንዱ ጋር እኩል ነው ወይ? በዚህ ረገድ ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት ሰጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከክፍያ ጋር ዕረፍት እንዲሰጣት ይደነግጋል። ሕግ ግን እንደ መኪና ነው፤ የሚከታተለው ካላገኘ ይቆማል።

እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሰው ምን ይላል ያልኩትንስ?» አሉ።

«ሰውማ መኪናው እስኪበላሽበት ድረስ ይላል» አልኳቸው።

በማግሥቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጃቸውን አስከትለው ወደ ማሠልጠኛው ሲሄዱ አየሁ። ለሦስቱ ጥያቄዎች ጥሩ መልስ አግኝተው ተመልሰዋል። የመቀየሪያውን ክፍል ግን «ወደፊት ይታሰብበታል» ተብለዋል። «እስኪታሰብበት እመላለሳለሁ» አሉኝ። ልጅቷ ትምህርቷን ጀምራለች፤ ቱታዋንም በልኳ ያጠበቡላት እናቷ ናቸው።

ሴት ልጆች ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ሠራተኞችም፣ በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ሙያ የመረጠች ልጅ ብትኖር አትከልክሏት። አብራችኋት ሂዱና ጠይቁላት።