ለእንግዳ የሚሰቀል አጎበር

እኩዮቼ፣ የእድር ዳኞች፣ የቀበሌ ሽማግሌዎች፣ የቤት እመቤቶችም፤ ዛሬ የምናገረው ስለ ወባ ነው፤ ከወባም ይልቅ ስለ አፋችን። መድኃኒት የተነከረ አጎበር፣ መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ ይሠራ እንደሆነ ለማየት በየደጃችን የሚመጡ ሰዎች አሉ። ሲጠይቁን የምንመልስላቸው መልስ የልጅ ልጆቻችንን እየጎዳ ነው። ይሉኝታ ነው ትላላችሁ። እኔ ግን ውሸት ነው እላለሁ።

በ1950 ዓ.ም. ክረምት ገብቶ እስከ 1951 ታኅሣሥ የዘለቀውን ንዳድ የሚያስታውስ ከመካከላችን ጥቂት ሰው ቀርቷል። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ታሞ 150,000 የሚሆነው አለቀ። የሞተውም ወባን የለመደው ቆለኛ ብቻ አልነበረም፤ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ የሚኖረው፣ “እኛ ዘንድ አትደርስም” ይል የነበረው ወይና ደገኛ ነው የተቀጣው። በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ቆመ፣ ዲዲቲም በየግድግዳችን ተረጨ። ብዙ ዘመን አገለገለን። በኋላ ትንኟ ለመደችውና ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ቀረ። በሌላ ተተካ፤ እሱንም መልመድ ጀመረች። በየቤታችን የታደለው አጎበር የተነከረበትን መድኃኒት ሳይቀር እየለመደችው ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ሃያ ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሞ 1,157 ሰው ሞቷል። ይህ የአያቶቻችን ዘመን ወሬ አይደለም።

ስለዚህ አዲስ ነገር ይፈተናል፤ መፈተንም አለበት። ፈተናው ሁለት ቦታ ነው የሚካሄደው። አንደኛው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ከአጎበሩ ትንሽ ቆርጠው ትንኞቹን በሾጣጣ ክዳን ሥር ለሦስት ደቂቃ ከጨርቁ ጋር ያገናኟቸዋል። ከ60 ደቂቃ በኋላ ስንቷ እንደወደቀች፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ስንቷ እንደሞተች ይቆጥራሉ። ከመቶው 95 ከወደቀች ወይም 80 ከሞተች ጨርቁ ኃይል አለው ይባላል። እዚያ የሚያሳስበኝ ነገር የለም፤ ትንኝ ይሉኝታ አታውቅም።

ሁለተኛው ፈተና የሚካሄደው በእኛ ቤት ነው። መንደሮች በዕጣ ይለያሉ፤ አንዱ አዲሱን ዕቃ ያገኛል፣ ሌላው በነባሩ ይቆያል። ከዚያ ማን እንደተኛበት፣ ማን እንደታመመ ይመዘገባል። መዝገቡን የሚሞላው የእኛ ቃል ነው። እኛ ምን እናደርጋለን? መኪናው ከማዶ ሲታይ አጎበሩ ከነፌስታሉ ከሣጥን ይወጣል፣ ምስማር ይፈለጋል፣ ይሰቀላል። “ትናንት ማታ ማን ተኛበት?” ሲባል “ሁላችንም” ይባላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የጎረቤት ልጅ ናትና እንዳትወቀስ ብለን ደግሞ እንጨምርበታለን። ልጁ ግን ወለል ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ነበር ያደረው። በሳምንቱ ሲያተኩሰው መዝገቡ ምን ይላል? አጎበር ውስጥ እየተኛ ታመመ ይላል። ደህናው ዕቃ በእኛ ቃል ተፈርዶበት ይጣላል። የማይረባውም እንዲሁ በእኛ ምስክርነት ተመስግኖ ለመላው አገር ይገዛል።

እውነት ሲነገር ምን እንደሚገኝ ከስምጥ ሸለቆ ልንገራችሁ። በአዳሚ ቱሉ ወረዳ እንደ ፈረንጆቹ ከ2014 እስከ 2016 ትልቅ ፈተና ተካሂዶ ነበር፤ አጎበር ብቻውን፣ ርጭት ብቻውን፣ ሁለቱ አንድ ላይ፣ ሁለቱም ሳይጨመሩ። መርማሪዎቹ ከሁለት ዓመት በላይ ቤት ለቤት እየተመላለሱ ጠየቁ። የተገኘው መልስ ማንንም ደስ የሚያሰኝ አልነበረም፤ ሁለቱን መደረቡ የተለየ ጥቅም አላሳየም፣ ሦስት ዓመት ያገለግላል የተባለውም አጎበር በአብዛኛው አንድ ዓመት ገደማ ብቻ አገለገለ። እንዲህ ያለው ሐቅ የሚወጣው የተቀደደው ተቀደደ፣ የጠፋው ጠፋ ሲባል ነው። እነዚያ ሰዎች ለእንግዳ ሲሉ ደብቀውት ቢሆን ኖሮ፣ በሦስት ዓመት አንዴ ማደል ይበቃል እያልን በቀዳዳ ጨርቅ ሥር መተኛታችንን ማንም ባላወቀ ነበር።

ግድግዳውን ሳልነካ አላልፍም። ርጭቱ የሚካሄደው ክረምቱ ሳይወጣ፣ ትንኝም ሳትበዛ ነው፤ መድኃኒቱ ለወራት ግድግዳው ላይ እንዲቆይ። እኛ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤት ይመረጋል ብለን እበትና ጭቃውን በላዩ ላይ እንለስንበታለን። ክፉው ወር የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ቤት አይጽዳ አልልም፤ በዓል ያለ ምርጊት በዓል እንደማይመስልም አውቃለሁ። ግን ከርጭቱ በፊት ምረጉ። ከረፈደና ከመረጋችሁ ደግሞ ሲጠይቋችሁ መርገናል በሉ፤ “አልነካነውም” ብላችሁ መድኃኒቱን አታስወንጅሉት።

ስለ ውጭ አዳሪዎችም ዝም አንበል። ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ማማ ላይ አጎበር አይሰቅልም። ሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የወረደው ጎልማሳ የሚያድረው ሜዳ ላይ ነው። የእኛ አገር ትንኝ ደግሞ እኛ መኝታ እስክንገባ አትጠብቅም፤ ገና በምሽት፣ ደጅ ላይም ትነክሳለች። ፓኪስታን ውስጥ በስደት የነበሩ አፍጋናውያን የሚከናነቡት ጨርቅና የሌሊት አንሶላቸው በፐርሜትሪን ተነክሮ ተፈትኖ ነበር፤ የልጆቹን ወባ ቀነሰ። የእነሱ መከናነቢያ ከእኛ ጋቢ የራቀ አይደለም። ለእኛ የሚስማማው ዕቃ የቱ እንደሆነ መርማሪው የሚያውቀው የት እንደምናድር ስንነግረው ነው። “ሁላችንም ቤት ነው የምናድር” ካልነው ለቤት ብቻ የሚሆን ያመጣልናል።

ዕጣውንም አክብሩ። ያኛው መንደር አገኘ፣ የእኛ ቀረ ብሎ ለእህቱ ልጅ አጎበር በጓሮ የሚያሻግር ሰው ቸርነት ያደረገ ይመስለዋል። ሁለቱ መንደሮች ከተቀላቀሉ ግን የሚነጻጸር ነገር አይኖርም፤ የሁሉም ድካም ከንቱ ይቀራል። ዕጣ ሲወጣ ሽማግሌ ቁሞ ይይ፤ ቅሬታ ያለውም እዚያው ይናገር።

መርማሪዎችንም ዝም ብለን እንቀበል አላልኩም። ጨርቁ በምን እንደተነከረ፣ ሕፃን ቢያኝከው ምን እንደሚሆን፣ የታመመ ሰው በስንት ሰዓት ሕክምና እንደሚያገኝ አስቀድመው ይንገሩን። ዕጣ ያልደረሰው መንደር የተለመደው አጎበሩና ርጭቱ እንዳይቋረጥበት ቃል ይግቡ። እምቢ ያለ ሰው እምቢታው ይከበርለት። ውጤቱን ይዞ ሄዶ ተመልሶ የማይነግረን ደግሞ አለ፤ ይህ ነውር ነው፣ በሽማግሌ ፊት ሊባል ይገባል። ግን እኛ እየዋሸናቸው እነሱን ሐቀኞች ሁኑ ልንል አንችልም።

መስከረም ሳይጠባ በየእድራችሁ ተሰብሰቡና ተነጋገሩበት። ያልተሰቀለው አጎበር አልተሰቀለም፣ የተቀደደው ተቀዷል፣ ሜዳ ያደረው ሜዳ አድሯል ብሎ የሚናገር ሰው እንዳይወቀስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በዚህ እንዳትቀጣ እናንተ ሽማግሌዎቹ ዋስ ሁኑ።